ውሃን በልክ የሰጡት ካህን፦ የሴባስቲያን ክናይፕ ሕይወትና የተፈጥሮ ሕክምና

የተፈጥሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው ሥር መማስና ቅጠል መበጠስ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ስም የሚጠራው ሙያ ግን ከዕፀዋት ሌላ ምግብን፣ ውሃን፣ እንቅስቃሴን፣ እንቅልፍንና የኑሮ ሥርዓትን ሁሉ ያጠቃልላል። መሠረተ ሐሳቡም አካል ራሱን የመጠገን ችሎታ አለው፤ የባለሙያው ድርሻ ይህን ችሎታ መርዳትና መሰናክሉን ማስወገድ ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የሚጠቅምበትም ሆነ የሚወሰንበት ሥፍራ በአንድ የባቫሪያ ካህን ሕይወት ውስጥ በግልጽ ይታያል።

ሴባስቲያን ክናይፕ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1821 በኦቶቦይረን አጠገብ በምትገኘው ሽቴፋንስሪት በተባለች ትንሽ መንደር ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ድሀ ሸማኔ ስለ ነበሩ ልጃቸው ገና በሕፃንነቱ ከሸማ መሥሪያው ጋር ተቆራኘ። የወጣቱ ምኞት ግን ክህነት ነበር። ለትምህርቱ ብሎ ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ የወላጆቹ ቤት በእሳት በጋየ ጊዜ አብራ ጠፋች። ማትያስ መርክለ የተባሉ ካህን ላቲን ሊያስተምሩት ባይፈቅዱ ኖሮ ታሪኩ በዚያው በተቆረጠ ነበር። ክናይፕ በዲሊንገን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት በ1844 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት አልፎ ነበር።

ምኞታቸው ሊፈጸም ሲቃረብ ጤናቸው ከዳቸው። ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት የሳንባ በሽታ ያዛቸው፤ በሽታው የሳንባ ነቀርሳ እንደ ነበረ ይታመናል። በዚህ ጊዜ ዮሐን ሲግሙንድ ሃን የተባለ የ18ኛው መቶ ዘመን ሐኪም ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ኃይል የጻፈው መጽሐፍ እጃቸው ገባ። በ1849 የኅዳር ብርድም በዳኑብ ወንዝ ለጥቂት ሴኮንዶች እየጠለቁ፣ ወዲያው እየወጡና ለብሰው እየሮጡ ራሳቸውን ማከም ጀመሩ። ጤናቸው ተመለሰ፤ ትምህርታቸውንም በሙኒክ ፈጽመው በ1852 በአውግስቡርግ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ያዳናቸውን ነገር ለሌላው ማካፈል ቀላል አልሆነም። በዘመኑ በባቫሪያ ያለ ፈቃድ ሰው ማከም በሕግ የተከለከለ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ካህን ክስና ማስጠንቀቂያ ደረሰባቸው። በ1854 ኮሌራ በገባ ጊዜ ግን በተመደቡበት ደብር ሕሙማንን ከመርዳት ወደ ኋላ አላሉም። በተከታዩ ዓመት፣ በ1855፣ የደናግል ገዳም ንስሐ አባት ሆነው ወደ ቮሪስሆፈን መንደር ተዛወሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው ኖሩ።

ካህን በመሆናቸው ውሃቸው እንደ ጠበል ይቆጠር ይሆናል ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። ክናይፕ ስለ ውሃው ሲያስተምሩ ያተኮሩት በሙቀቱ፣ በብዛቱና በሚቆይበት ጊዜ ላይ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን ሲነካ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ውሃው ሲቆም ደግሞ ሥሮቹ ሰፍተው ሙቀት ይመለሳል። ሥራው በሙሉ በዚህ የአካል ምላሽ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ውሃው በቀዘቀዘ መጠን ጊዜው ማጠር አለበት፤ በብርድ ለተኮማተረ አካል ቀዝቃዛ ውሃ አይሰጥም፤ ከውሃው በኋላም ታካሚው ለብሶ መንቀሳቀስ ይገባዋል። ውሃውም በአትክልት ማጠጫ ወይም በጎማ፣ ከልብ ርቆ ካለው ከእግር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይፈስሳል። ጤዛ ባለበት ሣር ላይ በባዶ እግር መሄድ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ በእንፋሎት መታጠን፣ የዕፀዋት ሻይና ቀለል ያለ የገበሬ ምግብ የዘዴው ክፍሎች ነበሩ።

በጀመሩበት ዘመን አሠራራቸው ኃይለኛ ነበር። ይሁን እንጂ የታካሚዎቻቸውን ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ከተመለከቱ በኋላ ከብርቱው ወደ ለስላሳው ተመለሱ፤ ለደካማ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ለእያንዳንዱ ልክ አበጁለት። ራሳቸውን ያዳነ መድኃኒት ለሁሉ ይበቃል ብለው ባለመጽናታቸው፣ ከብዙ የዘመናቸው የውሃ አካሚዎች ይለያሉ።

በ1886 ስለ ውሃ ሕክምና የጻፉት መጽሐፍ ስማቸውን ከባቫሪያ ውጭ አሰማ፤ በ1889ም ስለ አኗኗር ሁለተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። ቮሪስሆፈንን ከሩቅ አገር የመጡ መኳንንትና ድሆች በአንድነት አጥለቀለቋት። ከዚህ ያገኙትን ሀብት ክናይፕ ለራሳቸው አላዋሉትም፤ በ1891 ሴባስቲያኔውም የተባለውን የሕክምና ቤት፣ በ1893 ደግሞ የሕፃናት ማሳከሚያ ቤት አቆሙ። ሕሙማንን በሚቀበሉበት ጊዜ የተማሩ ሐኪሞች አጠገባቸው ተቀምጠው ይመረምሩ ነበር፤ በ1894ም ዘዴያቸውን የሚከተሉ ሐኪሞች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛም በ1893 የክብር ማዕርግ ሰጧቸው።

ነገር ግን ክብር ማስረጃ አይደለም። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በ1882 አገኘ፤ ይህን ባክቴሪያ የሚያሸንፈው የመጀመሪያ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው ግን በ1943 ነው። ከዚያ በፊት በበሽታው ከተያዙት ሰዎች ከፊሎቹ ያለ አንዳች ሕክምና ይሻላቸው ስለ ነበር፣ ክናይፕን ያዳናቸው ዳኑብ ይሁን ወይስ የራሳቸው አካል በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ወደ ቮሪስሆፈን መጥተው የተሻላቸው ሰዎች ምስጋናቸውን ይናገራሉ፤ ያልተሻላቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ዝም ይላሉ። ውሃ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ሕሙማን ጎን ለጎን አስተያይቶ የሚመዝን ሥርዓት በዚያ አልነበረም። የክናይፕ ትዕግሥትና ቅንነት ይህን ጉድለት ሊሞላው አልቻለም።

ጉድለቱም ሆነ ጥቅሙ ለተከታዮቻቸው ተላለፈ። ቤኔዲክት ሉስት የተባለው ጀርመናዊ በቮሪስሆፈን ከታከመ በኋላ በ1896 የክናይፕን ዘዴ ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ ናቹሮፓቲ የሚለውን ስም ለሙያው ያስለመደውና የሙያውን ትምህርት ቤት በዚያ የከፈተውም እርሱ ነው። ዛሬ የዚህ ሙያ ሰው በሽተኛውን ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጭንቀቱ ረዥም ጊዜ ወስዶ ይጠይቃል፤ ከዚያም አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ ማሸትን፣ የውሃ ሕክምናንና ዕፀዋትን ያዝዛል። ሥልጠናው ግን ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን ሥራው በ1939 በወጣ ሕግ መሠረት ፈተናንና ፈቃድን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በዩናይትድ ስቴትስ አንዳንድ ግዛቶች የአራት ዓመት ኮሌጅ ላጠናቀቀ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ሌሎች ግዛቶች ግን ፈቃድ አይሰጡም። ስለሆነም ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ዕውቀት እኩል አይደለም።

የተስተካከለ ምግብ፣ እንቅስቃሴና በቂ እንቅልፍ ለጤና ያላቸው ጥቅም በምርምር የተረጋገጠ ነው። ሳንባ ነቀርሳን፣ ካንሰርን ወይም የስኳር በሽታን የያዘ ሰው ግን በውሃና በቅጠል ብቻ ተማምኖ ቢዘገይ የሚከፍለው ዋጋ ሕይወቱን ሊሆን ይችላል። ዕፀዋትም ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲገናኙ አንዳንዴ ይጎዳሉ። የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ብቃቱ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽታ ለይቶ በጊዜው ወደ ሆስፒታል መላኩ ነው።

አባ ሴባስቲያን ክናይፕ በ76 ዓመታቸው ሰኔ 17 ቀን 1897 በቮሪስሆፈን ዐረፉ። መንደሪቱ በ1920 የፈውስ መታጠቢያ ከተማ የሚል ማዕርግ አገኘች፤ ዘዴያቸውም በ2015 በጀርመን ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። በመዝገብ የሰፈረው ባህላቸው ነው፤ የማንኛውም በሽታ ፈውስ ምስክር ወረቀት አይደለም። ለባለሙያ ሁሉ የሚጠቅመው ውርሳቸው፣ የሠራላቸውን ነገር እየለኩ ማሻሻላቸውና ሐኪሙን እንደ ጠላት ሳያዩ በአጠገባቸው ማስቀመጣቸው ነው።