ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስና የሱሉልታ መንገድ

ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርዶ ወደ ፒያሳ ሲቃረብ፥ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአንድ ጳጳስ ሐውልት ቆሞ ያገኛል። እኛም በዚሁ መንገድ ስንመላለስ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ነገር ግን አንድ እንግዳ የእኚህን አባት ሕይወት ንገሩኝ ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ፥ ኢጣልያኖች የገደሏቸው ጳጳስ ናቸው ከማለት በቀር የምንጨምረው አልነበረንም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪካቸውን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፥ በፍቼ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሱ፤ ከዚያም በኋላ በልዩ ልዩ ቦታ እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው መምህር ኃይለ ማርያም በሚለው ስም ነበር።

በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። ይህም ልማድ ከአባ ሰላማ ጀምሮ እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ከ1,500 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ግብፅ ተልከው በካይሮ የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ይስሐቅ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ የተባሉት ናቸው። የሰላሌው መምህር የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ተመለሱ። ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው የሚያናግር፥ ችግሩንም እንደ ልጅነቱ የሚያውቅ ጳጳስ መገኘቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ በኋላ በመከራው ጊዜ ታየ።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ግንባር ዘመቱ። በመጋቢት ወር ጦሩ በማይጨው ድል ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው በሰላሌ ከተሰበሰቡት ዐርበኞች ጋር ሆኑ። የእነዚህ ዐርበኞች አለቆች የልዑል ራስ ካሣ ልጆች፥ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ። አሳባቸውም በአውራጃው ያሉት ሌሎች አለቆች ከየአቅጣጫቸው በአንድ ቀን ተነሥተው አዲስ አበባን እንዲያስለቅቁ ነበር።

ቀኑም ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆነ። በእኛ አገር የኖረ ሰው ሐምሌ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል፤ ጭቃው የፈረስ እግር ይይዛል፤ ጉሙም ከእንጦጦ ሳይነሣ ይውላል። ወንዞቹ ሁሉ ሞልተው ነበር። ዐርበኞቹም እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በእግረኛ መልእክተኛ እንጂ በስልክና በራዲዮ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወገን ደርሶ ሲዋጋ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነበረ። ጠላት በበኩሉ ከተማውን አጥሮ መትረየስና መድፍ ጠምዶ ይጠብቃቸው ነበር፤ አይሮፕላንም ነበረው። ከተማው ውስጥ ዘልቀው የገቡም ነበሩ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ሊጸኑ ስላልቻሉ ወደ ኋላ ተመለሱ።

አቡነ ጴጥሮስ ከተማው ውስጥ በጠላት እጅ ገቡ። በሐምሌ 22 ቀን በጦር ፍርድ ቤት ፊት ቆሙ። ኢጣልያኖች የፈለጉት ደማቸውን ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ ቃላቸውን ይፈልጉ ነበር። ጳጳሱ ዐርበኞቹን ወንበዴዎች ናቸው ቢሉና ሕዝቡ ለኢጣልያ እንዲገዛ ቢሰብኩ፥ ብዙ ሻለቃ ጦር የማይፈጽመው ሥራ በአንድ ቀን ይፈጸምላቸው ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን ሰው አወገዙ፤ ምድሪቱም እንኳ እንዳትገዛለት ገዘቱ። በዚያው ዕለት ሕዝብ እያየ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ዕድሜያቸውም 53 ዓመት ነበር።

በሕይወት ለመቆየት የሚያስችል ሌላ መንገድ እንደ ነበረ መዘንጋት የለብንም። ከአራቱ ጳጳሳት አንዱ፥ በዕድሜ የገፉት አቡነ አብርሃም፥ ለኢጣልያ አድረው በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ተባሉ። አቡነ ሚካኤል ግን እንደ አቡነ ጴጥሮስ እምቢ ብለው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። የካሣ ልጆችም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በፍቼ ተገደሉ፤ በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተፈጁ። እንግዲህ ከፍቼ በሱሉልታ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ በሁለት ጫፉ የሰማዕታት ደም የፈሰሰበት ነው።

ሐውልታቸው ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ተሠርቶ ቆመ። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር መሥመር ሥራ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። እኛ በዚያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ሐውልቱ ባልነበረበት ጊዜም ሰዉ ቦታውን በእሳቸው ስም መጥራቱን አልተወም። ከዚህም የምንማረው፥ ድንጋይ ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል፥ ሰው በልቡ የያዘው ነገር ግን እንደማይነሣ ነው። ሰው ካላወቀው ደግሞ፥ ድንጋዩ ቢቆምም የመኪና መዞሪያ ከመሆን አያልፍም።

ሐውልቱ የሞቱበትን ነገር ያስታውሰናል፤ ሕይወታቸውን የሚያስታውሰን ግን መንገዱ ነው። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እንጦጦን ስትሻገሩ ይህን ታሪክ አስቡ። በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችም፥ አባቶቻቸው ስለ ዐርበኝነት ዘመን የነገሯቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ። በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ በኩል የሚያልፈው መንገድ ሁሉ ሐውልት ሊቆምለት አይችልም፤ የሚያውቀው ተማሪ ግን ሊኖረው ይችላል።