ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ የዘር ሊቁ ሕይወትና ሽልማቶቹ

በስንዴ ምርታቸው ከታወቁት የአገራችን አካባቢዎች መካከል የባሌ ደጋ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። ከሮቤ ተነሥቶ በሲናና ሜዳ የሚጓዝ መንገደኛ ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ የሚያየው የስንዴ ማሳ ነው፤ ፊቱን ወደ ጎባ ሲያዞርም የባሌ ተራሮች ከፊቱ ይደቀናሉ። እኛ መሐንዲሶች ስለዚህ ምድር ስንነጋገር አስቀድመን የምናነሣው መንገዱን፣ መጋዘኑንና ኮምባይነሩን ነው። ነገር ግን ዘሩ ካልጸና እነዚህ ሁሉ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ዘርን ለማዳን ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ ሩስያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። የእርሱ ሕይወት ስለ ዘር ብቻ ሳይሆን፣ በሳይንስ ዓለም ሽልማት ምን እንደሚያከብርና ምን ማዳን እንደማይችል ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁ ግን ወደ ንግድ ሳይሆን ወደ እርሻ ትምህርት አዘነበለና በ1911 ከሞስኮ የእርሻ ተቋም ተመረቀ። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በጆን ኢንስ የአትክልት ምርምር ተቋም፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የዘር ውርስ ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ የመምህርነት ሥራ ያዘ። በ1920 በዚያው ከተማ ባቀረበው ጥናት፣ የሚዛመዱ የዕፅዋት ዝርያዎች ተመሳሳይ የለውጥ መልክ በየፊናቸው እንደሚያሳዩ አስረዳ። በአንዱ ዝርያ የታየ ጠባይ በዘመዱ ገና ባይገኝም፣ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። በዘመኑ ብዙዎች ይህን ሕግ ሜንዴሌዬቭ ለኬሚስትሪ ከሠራው ሠንጠረዥ ጋር አነጻጸሩት።

ከዚያ በኋላ ክብር በክብር ላይ ተደረበለት። በ1924 አፍጋኒስታንን ዞሮ ላከናወነው የጥናት ጉዞ በአገሩ የጂኦግራፊ ማኅበር የፕርዤቫልስኪ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1926 ሰው የሚያለማቸው አዝርዕት የተገኙባቸውን የዓለም ማዕከሎች የሚተነትነውን ሥራውን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የሌኒን ሽልማት ተቀበለ።

ቫቪሎቭ ከነዚህ ማዕከሎች አንዷ ናት ብሎ የቈጠራት ኢትዮጵያን ነበር። ስለዚህም በ1926 መጨረሻ በጂቡቲ በኩል ገባና ሐረርን ጎብኝቶ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ የጉዞ ፈቃድም ሰጡት። ከዚያም ቅፍለት አደራጅቶ ወደ ሰሜን ተጓዘና በጎንደርና በአክሱም አድርጎ እስከ ኤርትራ ዘለቀ። ጤፉን፣ ኑጉን፣ ገብሱንና ተልባውን እያየ ከስድስት ሺህ በላይ ናሙና ሰበሰበ። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተው በአክሱም አካባቢ ያገኘው፣ ዛላው ጢም አልባ የሆነ የዱረም ስንዴ ነበር። እንዲህ ያለ ስንዴ ሊኖር እንደሚገባ በሕጉ አስቀድሞ ገምቶ ነበርና፣ ግምቱን ያረጋገጠለት የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ሆነ። ዋናው ጉዞው ወደ ሰሜን ስለነበረ የባሌን ደጋ አልዳሰሰም፤ ትምህርቱ ግን፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ባሌ ደርሷል።

በ1929 የአገሩ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በሌኒንግራድ ይመራው የነበረው ተቋምም ከዓለም ዙሪያ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የዘር ናሙና አከማቸ። ይሁን እንጂ በነዚያው ዓመታት ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የእርሻ ባለሙያ ተነሣ። ሊሴንኮ የዘር ውርስ ሳይንስን ንቆ፣ አዝርዕትን በአካባቢያቸው ተጽዕኖ ብቻ በአጭር ጊዜ መለወጥ ይቻላል ይል ነበር። አገሪቱ ረኃብ ያሠጋት ስለነበረ የፈጣን ምርት ተስፋው በስታሊን ዘንድ ሞገስ አገኘና በ1938 የአካዳሚው መሪ ሆነ። ቫቪሎቭ በ1939 በኤዲንበርግ ለተደረገው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም እንዳይሄድ ተከለከለ። በነሐሴ 1940 በዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳለ ተያዘ።

በ1941 ቫቪሎቭ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ሊሴንኮ የስታሊን ሽልማት ተቀበለ። በ1942 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ቫቪሎቭን የውጭ አገር አባሉ አድርጎ ሲመርጠው፣ ሊቁ በሳራቶቭ እስር ቤት ይማቅቅ ነበር። የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ቢለወጥለትም፣ በጥር 1943 ረኃብና በሽታ ባደከመው ሰውነት፣ አንድ ጊዜ መምህር በነበረባት በዚያችው ከተማ ሞተ። ለሰው ልጅ እህል ሲሰበስብ የኖረው ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ። ፍርዱ የተሻረለት በ1955 ነበር።

እርሱ በእስር ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከበባው 872 ቀናት ሲቆይ ከተቋሙ ባልደረቦች ብዙዎቹ በረኃብ አለቁ፤ በእጃቸው የነበረውን የሩዝ፣ የስንዴና የለውዝ ዘር ግን አልበሉትም። ለዚህ ሥራቸው በዚያን ሰዓት ሜዳልያ ያጠለቀላቸው አልነበረም።

የዚህን መሥዋዕትነት ዋጋ ለመረዳት ወደ ባሌ መመለስ ይበቃል። በ1993ና በ1994 እንቆይ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። በ2010 ደግሞ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳን ቢጫ ዋግ አጠቃው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ሲዞር፣ በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ ዲገሉንም ደመሰሰው። አንድ ሕንፃ በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ቢቆም አደጋው ምን እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ሰፊ ሜዳ በአንድ ዝርያ ሲሸፈንም እንዲሁ ነው። ዋግ ጠባዩን በየጊዜው ስለሚለውጥ፣ አዳዲስ የመቋቋም ኃይል ከልዩ ልዩ ዝርያዎች እየተፈለገ መዳቀል አለበት፤ ከነዚህም ምንጮች አንዱ ቫቪሎቭ የሰበሰበው ዓይነት ነባር ዘር ነው።

በአገራችንም ይህ ነገር ፈጽሞ አልተዘነጋም። በ1976 የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ነባሩን ዘር በመጋዘን ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ለማቆየት ስለደከሙ በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት አገኙ። በሮቤ አጠገብ የሚገኘው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከልም ከ1986 ጀምሮ ለባሌ ደጋ የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል።

እንግዲህ ከቫቪሎቭ ታሪክ የምንረዳው፣ ሽልማት በራሱ የእውነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ነው። በ1941 የተሸለመው ተሳስቶ ነበር፤ የተፈረደበት ግን ትክክል ነበር። ዳኛው በመጨረሻ ማሳው ሆነ። ይህ ማለት ሽልማት ይቅር ማለት አይደለም፤ አሰጣጡ ይታሰብበት ማለት ነው። ማኅበሮችና ተቋማት የላቀ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሰዎች ክብር ሲሰጡ፣ በአንድ ዓመት ምርት የሚያስደንቀውን ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚታወቀውን ሥራም ይመዝኑ። የአባቱን ስንዴ በጓሮው ጥግ በትንሽ መደብ እየዘራ ያቆየውን የባሌ ገበሬ፣ የናሙና መዝገብ በጥንቃቄ የሚይዘውን የምርምር ረዳት፣ የዘሩ ማከማቻ ቅዝቃዜው እንዳይጓደል የሚተጋውን ቴክኒሽያንም ይቍጠሩ። ቀጣዩ ዋግ በመጣ ጊዜ የሮቤና የጎባ ገበሬ ተስፋ የሚጥለው እነዚህ ሰዎች ባቆዩት ዘር ላይ ነውና።