ኳስን ለሰው ልጅ ክብር ያዋሉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ሰንጋ ተራ በፊት የሰንጋ መገበያያ እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ግን በዚያው ሰፈር ማለዳ ያለፈ ሰው የሚያየው ሕፃናት በጨርቅ ኳስ ሲሯሯጡ ነው። ሕፃናቱ ቡድን ሲከፍሉ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ መልኩም ምን እንደሚመስል አይጠያየቁም፤ የሚጠይቁት መጫወት ይችል እንደ ሆነ ብቻ ነው። ወላጅ ግን ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት ስለሚመኝ፣ ከኳስ ምን ይገኛል ብሎ ይቈጣል። ቍጣው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ከዚህ ሰፈር ወደ ምሥራቅ ጥቂት በእግሩ ቢራመድ የአዲስ አበባን ስታዲዮም ያገኛልና፣ በዚያ ሜዳ ስማቸው የተጠራውን የአንድ ሰው ሕይወት ቢመለከት ለጥያቄው መልስ የሚሆን ነገር ሳያገኝ አይቀርም። እኒህም ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውንም በሸክላ በማስቀረፅ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የቀደሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን የአባታቸውን መንገድ ትተው ስማቸውን በኳስ ሜዳ አስጠሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ይድነቃቸው ገና ጕልማሳ ሳይሆኑ ከዚሁ ማኅበር ገቡ።

ወዲያውም ጠላት አገሪቱን ያዘ። ኢጣልያኖች ያገሩን ተወላጅ ከነጭ ለይተው፣ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጋጠሙ ሥርዓት አቆሙ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። እንግዲህ ይድነቃቸው በልጅነታቸው ያዩት የኳስ ሜዳ ሰው በችሎታው ሳይሆን በቈዳው ቀለም የሚመደብበት ሜዳ ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእንግሊዝ፣ ከኢጣልያ፣ ከግሪክና ከአርመን ማኅበሮች ጋር በእኩልነት ለመሰለፍ በቃ። ይድነቃቸው ለዚህ ማኅበር 23 ዓመት ያህል ሲጫወቱ በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል፤ ለአገራቸውም ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

በ1949 ዓ.ም. በየካቲት ወር ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪቃን የእግር ኳስ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዚያ ጉባኤ አብረዋቸው ከነበሩት መካከል የሱዳኑ ዶክተር አብደል ሐሊም ሙሐመድ ሙያቸው ሕክምና ነበረ፤ ሐኪምም ሆነው ለኳስ መሥራታቸውን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም። ደቡብ አፍሪቃ በዘር መለያየት ሕግ የምትተዳደር ስለ ነበረች፣ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልክም አለች። ሌሎቹም ይህን አንቀበልም ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ኢትዮጵያ የምትገጥመው ከእርስዋ ጋር ስለ ነበረ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የኳሱ ሽንፈት ተረሳ፤ በካርቱም የቆመው ሕግ ግን ጸና።

ይሁን እንጂ በባዕድ ላይ ሕግ ማቆም ቀላል ነው፤ ሰው የሚፈተነው በገዛ ቤቱ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ሲደረግ የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ኢጣልያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ስለ ነበረች፣ ዋንጫውን ሌላ ሰው እንዲቀበል ፈልገው አለቅነቱን ለማስለወጥ የሞከሩ ሹማምንት እንደ ነበሩ፣ አቶ ይድነቃቸውም እንቢ እንዳሉ ይነገራል። በጨዋታው ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነች፤ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባውም ራሱ ሉቻኖ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፉ፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ሆነ። አሠልጣኙ በኢጣልያኖች ዘመን በዘር ተለይተው የተጫወቱ ሰው ነበሩና፣ በቀልን ቢፈልጉ ምክንያት ባላጡ ነበር። እርሳቸው ግን የተበደሉበትን ሚዛን ሰብረው ጣሉት እንጂ ገልብጠው አልመዘኑበትም።

ከዚያም በኋላ ትግላቸው ወደ ዓለም ጉባኤ ተሻገረ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር በደቡብ አፍሪቃ ላይ የጣለውን እግድ በ1955 ዓ.ም. ቢያነሣም፣ የአፍሪቃ መልእክተኞች አጥብቀው በመከራከራቸው በ1957 ዓ.ም. መግቢያ እንደገና አገዳት፤ በ1968 ዓ.ም.ም ፈጽሞ አስወጣት። በ1958 ዓ.ም. የተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ የራስዋን ቦታ ስለ ነፈጋት አገሮችዋ ከውድድሩ ወጡ፤ በ1962 ዓ.ም. ግን አንድ ቦታ ተሰጣት። በዚህ ሁሉ የአቶ ይድነቃቸው ድምፅ ከፊተኞቹ ነበረ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው እስኪፈጸም የአፍሪቃው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያርፉም ወንበራቸውን ለጊዜው የጠበቁላቸው እኒያው የሱዳኑ ሐኪም ናቸው።

የዘሩትን አጭደው ለማየት ግን አልታደሉም። ደቡብ አፍሪቃ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው እርሳቸው ካረፉ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪቃ ዋንጫን በገዛ አገርዋ ስታሸንፍ፣ ጥቁርና ነጭ አንድ ሆነው በተሰለፉበት ቡድን ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አለቃ ኒል ቶቬይ ነጭ ነበረ። በአዲስ አበባ ለሉቻኖ የተጠበቀለት መብት ከ34 ዓመት በኋላ በዮሐንስበርግ ለሌላው ተጠበቀለት ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁን ከኳሱ የሚጠራው ወላጅ ለትምህርቱ ቢጠራው መልካም ያደርጋል፤ ሐኪምም ይሁንለት። ነገር ግን በዚያ የጨርቅ ኳስ ዙሪያ የተማረውን፣ ሰውን በዘሩና በስሙ ሳይሆን በሥራው የመመዘንን ትምህርት፣ እንደ ልጅነት ጨዋታ ትቶት እንዳይገባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አቶ ይድነቃቸው ይህን ትምህርት ከሜዳ ወደ ሸንጎ ይዘው ስለ ገቡ፣ ከገቡዋቸው 318 ግቦች ይልቅ ስማቸውን ያቆየላቸው ይህ ነው።