መኪና ሳይነዳ ለነጂዎች ደንብ የጻፈው ሰው

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ መንገደኛ ታክሲ የት ቆሞ እንደሚጠብቀው ማወቅ ይሻል። ነጂውም በበኩሉ ከየትኛው ሥፍራ መጫን እንደተፈቀደለትና ተራው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ አለበት። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነጂዎች ለሻንጣ ይሻማሉ፤ መንገደኛው ይደናገራል፤ መንገዱም ይዘጋል። ለታክሲ የተወሰነ መቆሚያ እንዲኖር ከደከሙት ሰዎች መካከል ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ዊልያም ፌልፕስ ኢኖ ነው።

ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1858 በኒውዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር በሠረገላ ሲሄድ መንገድ ተዘጋባቸው። የተፋጠጡት ሠረገላዎች ጥቂት ነበሩ፤ ነገር ግን ማን ቀድሞ ማለፍ እንዳለበት የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ባለበት ተገትሮ ቀረ። የጎደለው መንገድ ሳይሆን ደንብ መሆኑን ልጁ ካደገም በኋላ አልረሳውም።

በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1900 የከተማው የመንገድ ሥርዓት በቶሎ እንዲሻሻል የሚያሳስብ ጽሑፍ አወጣ። ከዚህም በኋላ ያዘጋጀውን የነጂዎች ደንብ የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 ተቀበለው። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ የቀኙን ዳር እንዲይዝ፥ ሊቆም ወይም ሊታጠፍ የሚፈልግም አስቀድሞ ምልክት እንዲሰጥ ያዝዛል። ኢኖ ደንቡ ታትሞ በነጂዎች እጅ እንዲገባ ብዙ ደክሟል።

መንገደኛ ፍለጋ ባዶውን የሚዞር ታክሲ ማንንም ሳይጠቅም መንገድ እንደሚያጣብብ በመገንዘብም፥ ታክሲዎች በታወቀ ሥፍራ ተራ ይዘው እንዲጠብቁ መከረ። በአደባባይ ዙሪያ ተሽከርካሪ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እንዲዞር ያቀረበውም አሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በኒውዮርኩ የኮሎምበስ አደባባይ በሥራ ላይ ዋለ። ለለንደንና ለፓሪስም ምክሩን ለግሷል። እ.ኤ.አ. በ1921 የትራፊክን ነገር የሚያጠና ድርጅት አቋቁሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1945 በ87 ዓመቱ ዐረፈ። የሚያስገርመው ግን ራሱ መኪና መንዳት አለመማሩ ነው።

በአገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር፥ አዋጁን ያልሰማ አንድ ነጂ ብቻ እንኳ ቢኖር ሕይወት ሊያጠፋ ይችል ነበር። የታክሲ ተራም ነገር እንደዚሁ ነው። መቆሚያው ተዛውሮ ለነጂው ሳይነገረው ቢቀር፥ የሚቀጣው ስላጠፋ ሳይሆን ስላልሰማ ይሆናል፤ ቅጣቱም የሚከፈለው ከልጆቹ የዕለት እንጀራ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶችና ሥራ የጀመራችሁ ሹማምንት፥ ነገ ደንብ ስትጽፉ ከኢኖ አንድ ነገር ውሰዱ። ደንብ ተጽፎ በፋይል ውስጥ ስለተቀመጠ ደንብ አይሆንም፤ ሊፈጽመው የሚገባው ሰው ዘንድ ደርሶ ሲታወቅ ነው ደንብ የሚባለው።