ዶሮቲያ ላንጅ፦ ስም ሳትጠይቅ ያነሳችው ፎቶ

አሜሪካዊቷ የፎቶግራፍ ባለሙያ ዶሮቲያ ላንጅ እ.ኤ.አ በ1895 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደች። በሰባት ዓመቷ የያዛት የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሯን ጎድቶ ዕድሜ ልኳን እያነከሰች እንድትኖር አደረጋት።

ሙያውን ከተማረች በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ ቤት ከፈተች፤ ደንበኞቿም ባለጸጎች ነበሩ። ብርሃን መመጠንና የሰው ፊት ማንበብ ታውቅበታለች። በ1930ዎቹ ኢኮኖሚው ተንኮታኩቶ ሥራ አጦች ጎዳናውን ሲሞሉ ግን ይህ ችሎታ ብቻውን አልበቃትም። ባለጸጋ አምሮበት ለመነሳት ከፍሎ ይመጣል፤ መሬቱን ያጣ ገበሬ ግን ችግሩን ለማስነሳት ፎቶ ቤት አይሄድም።

ከ1935 ጀምሮ ለመንግሥት ተቀጥራ፣ ድርቅና ዕዳ ያፈናቀላቸውን ገበሬዎች ተከትላ ተጓዘች። ካሜራዋን ሳትደብቅ በዝግታ ትጠጋቸዋለች። ውኃ ትለምናለች፤ የሰጧትንም ቀስ ብላ ትጠጣለች። ሕጻናት ካሜራውን ቢነካኩት አትቆጣም። ማንከሷም ሳይጠቅማት አልቀረም፤ እንደነሱ የተጎዳች መሆኗን ያዩ ሰዎች አልሸሿትም። የነገሯትን ሳትረሳው በማስታወሻዋ ታሰፍራለች። ባለቤቷ፣ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ፖል ቴይለር፣ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሯቸው ሲጠይቅ እርሷ ታነሳለች።

ዝናን ያተረፈላት ፎቶ ግን ከዚህ ልማዷ ውጭ የተነሳ ነው። በመጋቢት 1936 ረጅም ጉዞ ጨርሳ ወደ ቤቷ ስታቀና፣ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ የአተር ለቃሚዎችን ሰፈር የሚጠቁም ምልክት አይታ አለፈች። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳች በኋላ ልቧ አላስችል ብሏት ተመለሰች። ሰብሉን ውርጭ መትቶት ለቃሚዎቹ ያለ ሥራና ያለ ምግብ ቀርተዋል። በሸራ መጠለያ ሥር ልጆቿን የያዘች እናት አየች። እየተጠጋች ጥቂት ፎቶዎች አንስታ ከ10 ደቂቃ ያህል ቆይታ በኋላ ሄደች። ስሟን አልጠየቀችም።

ፎቶው በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት ወደ ሰፈሩ 90 ኩንታል ገደማ ምግብ ላከ። ያቺ እናት ግን ልጆቿን ይዛ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዳ ነበር።

ላንጅ በ1965 አረፈች። ከ13 ዓመታት በኋላ የእናቲቱ ማንነት ታወቀ፤ ፍሎረንስ ኦዌንስ ቶምፕሰን ትባላለች። ፎቶ መነሳቷ እንደሚቆጫት፣ ሳንቲም እንዳላገኘችበት፣ ላንጅ ስሟን እንኳ እንዳልጠየቀቻትና ቅጂ ልትልክላት የገባችውን ቃል እንዳልጠበቀች ተናገረች። ፎቶው የመንግሥት ንብረት ስለነበር ላንጅም ከሽያጩ አልተጠቀመችም፤ ቅጂ መላክ ግን ስምና አድራሻ ይፈልግ ነበር።

በ1983 ቶምፕሰን በጠና ስትታመም ልጆቿ ለሕክምናዋ እርዳታ ጠየቁ። ፊቷን በዚያ ፎቶ የሚያውቀው ሕዝብ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ አዋጣላት።