ሰር ማይክል ዉድ፤ የምሥራቅ አፍሪካ በራሪ ሐኪም

የአንድ ሰው ትጋት እጅግ ቢበዛም የሚሸፍነው ሥፍራ የተወሰነ ነው። የጀመረውን ለሌላው ሲያስተምር ግን ሥራው ከዕድሜው ያልፋል። ናይሮቢን መኖሪያቸው አድርገው ለምሥራቅ አፍሪካ ባላገር የደከሙት ሰር ማይክል ዉድ ለዚህ አብነት ስለሚሆኑ፣ ታሪካቸውን በአጭሩ ማውሳት ለመምህራን ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማይክል ዉድ በትውልዳቸው እንግሊዛዊ፣ በሙያቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባለቤታቸው ከሱዛን ዉድ ጋር ወደ ኬንያ መጡ። የተበላሸ አካልን የማደስ ቀዶ ሕክምናን የተማሩት፣ በጦርነቱ ጊዜ የተቃጠሉ አብራሪዎችን በማከም ዝነኛ ከሆኑት ከሰር አርቺባልድ ማኪንዶ ዘንድ ነው።

በዚያን ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ለ30,000 ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። እርሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በከተማ ነው። በባላገር የነበሩት ትንንሽ የሚሲዮን ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ዐዋቂ አልነበራቸውም። ዝናም ሲጥል መንገዱ ይቈረጣል፤ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ሕፃን ቁስሉ ቢድንም እጁ ተጨማትሮ ይቀራል።

ይህን ችግር ለማቃለል ማይክል ዉድ፣ መምህራቸው ማኪንዶና አሜሪካዊው ሐኪም ቶም ሪስ በ1956 በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ተገናኝተው መከሩ። በ1957ም የምሥራቅ አፍሪካ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ተመሠረተ። ማኪንዶ በ1960 ቢሞቱም ሥራው አልተቋረጠም። ማይክል ዉድ አይሮፕላን ማብረር ተምረው ነበርና መሣሪያቸውን ጭነው ራሳቸው እያበረሩ ወደ ሩቅ ሆስፒታሎች ይሄዱ ነበር። በናይሮቢ የዊልሰን አይሮፕላን ማረፊያ የሥራው ማዕከል ሲሆን፣ በየሥፍራው የተተከለው ሬዲዮ ባላገሩን ከከተማው ሐኪም ጋር አገናኘ።

ይሁን እንጂ አይሮፕላን ዛሬ መጥቶ ነገ የሚመለስ እንግዳ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ፈጽሞ ሲሄድ ቁስሉን የሚያጥበው፣ ትኵሳቱን የሚከታተለው፣ ወላዲቱን የሚረዳው በዚያው የሚኖረው የጤና ሠራተኛ ነው። እርሱ ካልተማረ የሐኪሙ ድካም ከንቱ ይሆናል። ደግሞም ከሕመሙ የሚበዛው ንጹሕ ውኃ፣ ክትባትና በቂ ምግብ ቢገኝ አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል ነው። ስለዚህ በናይሮቢ የተቋቋመው ድርጅት፣ በኋላ አምሬፍ የተባለው፣ ከመብረር አልፎ ወደ ማስተማር አዘነበለ። በተለይም በ1970ዎቹ ዓመታት የባላገር ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆነ። ለትልቅ ሆስፒታል የተጻፈ መጽሐፍ ላቦራቶሪ ለሌለው ጤና ጣቢያ እንደማይበጅ ታውቆ፣ በእጅ ባለው መሣሪያ በሽታን ለይቶ ማከምን የሚያስረዱ ቀላል የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ከሥራው ሊለይ ለማይችለውም በደብዳቤ የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ።

ማይክል ዉድ የሰር ማዕረግ ያገኙት በ1985 ነው። በዚያው ዓመት የተራበ ሕዝብ በመድኃኒት ብቻ እንደማይድን በመገንዘብ፣ የአፍሪካን ገበሬ የሚረዳ ፋርም አፍሪካ የተባለ ድርጅት ከባልንጀራቸው ጋር መሠረቱ። በ1987 ዐረፉ። ያቋቋሙት ድርጅት ግን ዛሬም አምሬፍ ኸልዝ አፍሪካ ተብሎ በናይሮቢ ይገኛል፤ በአገራችንም ይሠራል።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጎንደር ላይ በ1954፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው ወደ አውራጃ ጤና ጣቢያ በአንድነት እንዲሰማሩ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች ያዩት ችግር አንድ ነው፤ በከተማ ለከተማ የተማረ ሰው በከተማ መቅረቱ። ስለዚህ ትምህርቱ ተማሪው ወደሚያገለግልበት መንደር መውረድ አለበት። ይህም ለሐኪም ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከባላገር ትምህርት ቤት የሚላከው መምህርም እንዲሁ ካልተዘጋጀ፣ መመለሻውን መንገድ ሲያይ ይኖራል።