በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እና የተጻፈ ሕግ

ልጆች ሆይ፤ የድንበር ድንጋይ ያልቆመበት ማሳ ወንድማማቾችን ያጣላል። በሕግ ያልተወሰነ ሥልጣንም ገዢንና ሕዝብን ያጣላል። ስለዚህ የአሜሪካ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1787 ዓ. ም. የመንግሥታቸውን ሥልጣን ጽፈው ወሰኑ።

በሀገራችን ሕገ መንግሥትን መጀመሪያ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ. ም. በሸዋ ተወለዱ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተማሩ። ወደ ሀገራቸው በተመለሱም ጊዜ ዕውቀታቸውን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩም። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የጃፓንን ሕገ መንግሥት መርምረው 55 አንቀጽ ያለውን ሕግ አረቀቁ፤ እርሱም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ታወጀ።

ሕጉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ፤ ዳሩ ግን ሥልጣኑ ሁሉ በንጉሡ እጅ ቀረ፤ ሕዝቡም እንደራሴዎቹን ገና አልመረጠም። በ1948 ዓ. ም. በተሻሻለው ሕግ ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በጅሮንድም ይህን ለማየት በቁ፤ በ1969 ዓ. ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ልጆች፤ መልካም ሥራ ፍጹም አይሆንልኝም ብላችሁ ከመጀመር አትከልከሉ። አንዱ ያቆመውን የድንበር ድንጋይ ሌላው ያጸናዋልና።